ሲንደረደር የሚጠፋ ሞተር

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አንስቼ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝልኝ እያደረግሁ እወርድ ነበር። አንድ ኩርባ ላይ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ስረግጥ የባትሪውና የዘይቱ ቀይ መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ። ሞተሩ ጠፍቷል። ከኋላዬ እህል የጫነ ተሳቢ እየወረደ ስለነበር እንደ ምንም ጥጌን ይዤ ቆምኩና ቁልፉን ባዞርኩት ጊዜ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ድልድዩ ጋ እስክደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ደገመኝ። ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ዳገት ስወጣ ግን አንድም ጊዜ አልጠፋም፤ እንዲያውም ለዕድሜው ጥሩ ጉልበት ነበረው።

መኪናው ከአባቴ የደረሰኝ የ1987 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ሞተሩ ብዙዎቻችን የምናውቀው ባለ አራት ሲሊንደሩ 22አር፣ 2,366 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ) ነው። የቤንዚን ፓምፑ ኤሌክትሪክ ሳይሆን ከቴስታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት ላይ ተቀምጦ በካምሻፍቱ እየተገፋ የሚሠራ ነው። ኮድ የሚያነብለት መሣሪያ የለም፤ ቢጠፋ ለምን እንደጠፋ የሚጽፍበት ማስታወሻ የለውም። እኔም መካኒክ አይደለሁም፤ በሥራዬ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ይህንን አስቀድሜ መናገሬ አንባቢ በኋላ የምገልጸውን ስሕተቴን ሲያነብ እንዲታዘበኝ ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት፣ ተመሳሳይ ነገር ለገጠመው ሰው ሕይወት የሚያድን አንድ ጉዳይ አለ። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ እንደጠፋ ሲያውቁ ብዙዎች በድንጋጤ ፍሪሲዮን ይረግጣሉ ወይም ማርሹን ወደ ፍሪ ያወጣሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ማርሹ ገብቶ ፍሪሲዮኑ እስካልተረገጠ ድረስ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ይሄዳል፤ የሚነድ ነገር ባይኖርም እንኳ ፒስተኖቹ በተዘጋው የአየር መግቢያ ላይ እየሳቡ ቫኪዩም ስለሚፈጥሩ የፍሬኑ ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ዕቃ) መሥራቱን ይቀጥላል። ሞተሩ መዞሩን ካቆመ ግን ሰርቮው ውስጥ የሚቀረው ቫኪዩም ለጥቂት ርግጫ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ፍሬኑን ደጋግሞ የሚመታ ሰው ይህንን ጥቂት ስንቅ በከንቱ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ቁልፉንም በጉዞ ላይ ነቅሎ ማውጣት መሪው እንዲቆለፍ ያደርጋል። ቁልቁለትን በፍሪ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው የቆየ ልማዳችንም እንዲህ ባለ መኪና ላይ ቁማር ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የተሰጠኝ መፍትሔ ብዙ ባለ አሮጌ መኪና የሚያውቀው ነው፤ ካቻቢቴ ተነሥቶ ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ እግር ሳይነካው የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ተደረገ። በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር አካባቢ መሆን የሚገባው ሞተር 1,200 ላይ ማጓራት ጀመረ። ለአንድ ሳምንት ያህል እውነትም የተሻለው መስሎ ነበር። ነገር ግን መብራት ላይ ስቆም መኪናው ወደፊት ልሂድ ይለኛል፣ ነዳጁ ይበላል፣ የማርሽ አገባቡም ሻካራ ሆነ። ከሁሉ የከፋው፣ በሽታው ሳይድን ምልክቱ ብቻ ስለተሸፈነ መቼ እንደሚጠፋብኝ መገመት ከበፊቱ ይልቅ አስቸጋሪ ሆነ። ሚኒሞ ከፍ ማድረግ መታከሚያ ሳይሆን ማደንዘዣ ነው። ምርመራ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ሚኒሞውን ወደ ትክክለኛው ቦታ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ጥፋቱ ራሱን አያሳይም።

ሁለተኛው ጋራዥ ካንዴላዎቹን፣ የካንዴላ ገመዶቹንና የቤንዚን ፊልትሮውን ቀየረ፤ ካርቡሬተሩንም ፈትቶ አጠበ። ከሦስት ቀን በኋላ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ቤንዚን ፓምፑ ይቀየር የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ይህን ግን አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቱም ፓምፑ የደከመ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ መጥፋት የነበረበት ብዙ ነዳጅ በሚፈልግበት በዳገቱ ላይ እንጂ ምንም በማይጠይቅበት በቁልቁለቱ ላይ አልነበረም። ይህች ትንሽ አመክንዮ ብዙ ዕቃ ያለ አግባብ ከመቀየር አድናኛለች። የታፈነ የሰልባትዮ (የነዳጅ ቋት) ክዳንም ሆነ የተደፈነ ፊልትሮ የሚታወቀው በጭነትና በፍጥነት ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንታት ያህል የራሴን ንድፈ ሐሳብ ይዤ ዞርኩ። ጥፋቱን ከፍታው ላይ ጣልኩት። ካርቡሬተር ነዳጅን የሚለካው የአየሩን ክብደት እየመዘነ አይደለም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታና በሳሳ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ አየሩ እየወፈረ ነዳጁ በንጽጽር እያነሰ ይሄዳል። ከሸለቆው አፋፍ እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሚኒሞው ላይ ነዳጅ አንሶት ይጠፋል ብዬ ደመደምኩ። ሐሳቡ ያምራል፤ ሳይንሱም ትክክል ነው። የእኔን መኪና በሽታ ግን አይገልጽም፤ ምክንያቱም ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይለይ ከፍታ ላይ ሆኖ ሳለ እዚያም ጠፍቷልና።

የከፍታው ነገር ከተነሣ አይቀር፣ በእኛ አገር ብዙ ሞተር ያለ ኃጢአቱ የሚወነጀልበትን አንድ ነገር ልጥቀስ። ቫኪዩም የሚለካው ሰዓት ርካሽና እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው መምሪያ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላል። ይህ ቁጥር ግን የተጻፈው ከባሕር ጠለል ላይ ላሉ ሰዎች ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ ከሰባት እስከ ስምንት ኢንች ጎድሎ ማየት የተለመደ ነው። የእኔ ሞተር 12 አካባቢ ላይ፣ መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ቆመ። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ሰው ቢሆን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቋል፣ ቴስታ ይውረድ ባለ ነበር። በእኔ ግምት ከቁጥሩ ይበልጥ የሚናገረው የመርፌው እርጋታ ነው።

መርፌው መርጋቱ ከሚኒሞ ጋር የተያያዙትን የተለመዱ ተጠርጣሪዎች ቶሎ ቶሎ እንዳልፋቸው አደረገኝ። በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለው ጥቁር ማገጃ ተሰንጥቆ አየር ያስገባ እንደሆነ ለማየት፣ ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን በጥቂት ውኃ ረጨሁት፤ ድምፁ አልተለወጠም። አንዳንዶች ይህንን በካርቡሬተር ማጽጃ ያደርጉታል፤ የጋለ ሞተር ላይ የሚነድ ፈሳሽ መርጨትን ግን እኔ አልመክርም። የሰርቮውን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጬ ዘጋሁት፤ ለውጥ የለም። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ቢሆን የሰርቮውን ልባስ እጠረጥር ነበር፤ የእኔ ግን ፍሬን ሳልነካም ይጠፋል። በካርቡሬተሩ ጎን ባለችው ትንሽ መስታወት የቤንዚኑ ልክ ሲታይ ምልክቷ ላይ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ሲያዘቀዝቅ ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ነው የሚለውም ወደቀ።

አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ቀረብኩና ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። የት የት እንደጠፋ፣ ምን ምን እንደተቀየረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እንደነበርኩ ሁሉ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ መኪናው የት እንደጠፋ ነገርከኝ፤ እግርህ የት እንደነበረ ግን አልነገርከኝም» አሉኝ። «ጋሼ፣ እግሬማ ከነዳጁ ላይ ተነሥቶ ነበር» ስላቸው፣ «እሱንማ አውቃለሁ፤ ፍሪሲዮኑን ከመርገጥህ በፊት ነው የጠፋው ወይስ ከረገጥክ በኋላ? እሱን እወቅና ተመለስ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለምክሩ ምንም አላስከፈሉኝም።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል እንጂ የነገሩ ሁሉ መክፈቻ ነበር። ማርሽ ገብቶ ሲንደረደር የሚዞር ሞተር ሁሉ የሚሠራ ሞተር አይደለም። ጎማው እስካዞረው ድረስ፣ ውስጡ እሳት ይኑር አይኑር ከሹፌሩ ወንበር ላይ መለየት ያስቸግራል፤ ዲናሞውም ስለሚዞር የባትሪው መብራት አይበራም፣ የዘይቱ ግፊትም አይወርድም። ስለዚህ ሞተሩ ከሁለት ኪሎ ሜትር በፊት ጠፍቶ፣ እኔ ግን ያወቅሁት ፍሪሲዮን በረገጥኩባት ቅጽበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በሽታዎች ደግሞ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው፣ ሞተሩ እየነደደ ወርዶ ሚኒሞው ላይ ሲያርፍ ራሱን መያዝ ያቃተው ነው። ሁለተኛው፣ ገና በመንደርደር ላይ ሳለ ነዳጅ ወይም እሳት የተቋረጠበት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ወደ እንጦጦ ወጣሁና ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድኩ ሞከርኩት። ሦስት ነገሮችን ተመለከትኩ። የመጀመሪያው የዙር መቁጠሪያው መርፌ ነው። ይህ መቁጠሪያ ምልክቱን የሚያገኘው ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚሰጠው ከቦቢናው ስለሆነ፣ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ሳለ መርፌው ወደ ዜሮ ቢወድቅ የተቋረጠው የእሳቱ መስመር ነው ማለት ነው። አልወደቀም። ሁለተኛው ፍሪሲዮን ስረግጥ መርፌው የሚወርድበት ሁኔታ ነው። ሚኒሞው ላይ ራሱን መያዝ ያቃተው ሞተር እየቀነሰ ይመጣና 700 አካባቢ ሲደርስ ያመነታል፣ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። የእኔ ግን በሚጠፋበት ጊዜ ከ2,000 ጀምሮ አንዳች ቦታ ላይ ሳያመነታ ቀጥ ብሎ እስከ ዜሮ ይወርዳል። ሦስተኛው የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ድምፅ ነው። ባለ ካርቡሬተር መኪና ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሣለት ማርሚታው ለስለስ አድርጎ ይንተፈተፋል፤ አባቴ ሲነዳ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው። መኪናው በሚጠፋባቸው ጉዞዎች ማርሚታው ፍጹም ዝም ይል ነበር። ማርሹን ሳላወጣ ነዳጅ መስጫውን በቀስታ ስጫን ደግሞ አንዴ ገፋ አድርጎኝ ይነሣና መጎተት ይጀምራል።

እንግዲህ እሳት አለ፤ ነዳጅ ሲጠየቅም ይመጣል። የጠፋው እግር ሲነሣ ብቻ የሚያስፈልገው ነዳጅ ነው። ይህን ለመረዳት ካርቡሬተሩ ሁለት መንገድ እንዳለው ማስታወስ ያሻል። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የአየር መዝጊያው ቅጠል ይከፈትና ነዳጁ በዋናው ቀዳዳ በኩል እየተሳበ ይገባል። ቅጠሉ ሲዘጋ ዋናው መንገድ ዝም ይላል፤ ሞተሩን በሕይወት የሚያቆየው በሚኒሞው ቀጭን መንገድ በኩል የሚንጠባጠበው ነዳጅ ብቻ ነው። በዚህ ቀጭን መንገድ ላይ ደግሞ ዘበኛ ቆሟል። ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት እያገኘ መርፌውን ወደ ውስጥ የሚስብ፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ ውስጡ ባለው ሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል መንገዱን የሚዘጋ ሶሌኖይድ ነው። ሥራው ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ የጋለ ሞተር በራሱ እየተንተፈተፈ መዞሩን እንዳይቀጥል መከልከል ነው። ይህ ሶሌኖይድ በጉዞ መካከል ኤሌክትሪክ ቢያጣ ዳገት ላይ ማንም አያውቅበትም፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩን ይገድለዋል።

ሶሌኖይዱን ግቢዬ ውስጥ ፈተንኩት። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ገመዱን ነቅዬ ስመልሰው «ጠቅ» ይላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ስነቅለው ወዲያው ይጠፋል፤ ይህም መሆን ያለበት ነው። ቆሞ ሲፈተሽ እንከን የለውም። አንድ ጎረቤቴ መርፌውን ቆርጬ እንድጥለውና መንገዱ ምን ጊዜም ክፍት እንዲሆን መከረኝ፤ በብዙ መኪኖች ላይ የተደረገ መላ ነው፤ ይሠራልም። እኔ ግን ሶሌኖይዱ ለምን እንደሚዘጋ ሳላውቅ ልገድለው አልፈለግሁም።

እንደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመጣልኝ ሐሳብ ሁለት ትንንሽ የዳሽቦርድ አምፖሎችን ከፊቴ ማንጠልጠል ነበር፤ አንዱን ከቦቢናው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከሶሌኖይዱ መስመር፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ፊውዝ። እየነዱ ቴስተር ማንበብ ሞኝነት ነው፤ አምፖል ግን ዓይን ከመንገድ ሳይነሣ ይታያል። ወደ እንጦጦ ተመለስኩ። ሞተሩ ጠፋ፤ ሁለቱም አምፖሎች ግን ፍክት ብለው ይበሩ ነበር። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ አልተቋረጠም፣ ሶሌኖይዱ ራሱ ሲግል ይደክማል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩና ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ሶሌኖይድ ገዛሁ። ተገጠመ። እንደገና ጠፋ።

ስሕተቴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የአምፖሉን ገመድ የቀጠልኩት ለእጄ ምቹ በሆነው ቦታ፣ ከሞተሩ ወዲህ በኩል፣ ገመዱ ከሹፌሩ ክፍል ከሚወጣበት ግድግዳ አጠገብ ነበር። ከዚያ እስከ ሶሌኖይዱ ያለው ክንድ የሚያህል ገመድ ከምርመራው ውጪ ሆኖ ቀረ። አምፖሉ የመሰከረው ኤሌክትሪክ ግድግዳው ጋ መድረሱን ብቻ ነው። አንድ ተማሪዬ ሕንፃ ላይ እንዲህ ቢያደርግ ቀኑን ሙሉ በነገር እወጋው ነበር።

ፍንጩን የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት። ከግቢ ስወጣ በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ስለሆነች፣ ማታ ስለ መኪናው እያማረርኩ ሳለ፣ «ቁልቁለት ቁልቁለት ትላለህ እንጂ ወደ ኋላ ስትወጣም እኮ ይጠፋብሃል» አለችኝ። እውነትዋን ነው። ብዙ ጊዜ በኋላ ማርሽ ቀስ ብዬ ስወጣ ይጠፋ ነበር፤ እኔ ግን ፍሪሲዮን ቶሎ ስለለቀቅሁ ነው እያልኩ ራሴን እወቅስ ነበር እንጂ ከዚህኛው ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ወደ ኋላ መሄድና ቁልቁለት መንደርደርን ምን ያመሳስላቸዋል?

መልሱ የሞተሩ መዘንበል ነው። ሞተር መኪናውን ወደፊት ሲጎትት ራሱ በተቀመጠባቸው ጎማማ ሱፖርቶች ላይ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል። እግር ተነሥቶ መኪናው ሞተሩን ሲገፋው ኃይሉ ስለሚገለበጥ ወደ ተቃራኒው ጎን ይዘነብላል። በኋላ ማርሽ ሲሄድም የሽክርክሪቱ አቅጣጫ ስለሚገለበጥ የሚዘነብለው ልክ እንደ ቁልቁለቱ ወደዚያው ወደ ተቃራኒው ጎን ነው። ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ መሐል ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ቆሞ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ንጹሕ ይወጣል።

በነጋታው ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ወንድሜን ከመኪናው ጎን አቆምኩት፤ እንዲህ ያለ ሙከራ ሲደረግ ከፊትም ከኋላም ሰው መቆም የለበትም። አንደኛ ማርሽ አግብቼ ፍሪሲዮኑን መንከስ እስኪጀምር ድረስ ብቻ በጥቂቱ ለቀቅ ሳደርግ ሞተሩ ትንሽ ነቅነቅ አለ። በኋላ ማርሽ ያንኑ ሳደርግ ወንድሜ፣ «ኧረ ሊወጣ ነው!» ብሎ ጮኸ። አንደኛው ሱፖርት ጎማው ከብረቱ ተላቆ ስለነበር ሞተሩ በዚያ በኩል ከቦታው ይነሣል። የአምፖሉን ገመድ አሁን ከሶሌኖይዱ አጠገብ፣ ከራሱ ጭራ ላይ ቀጥዬው ስለነበር፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር አምፖሉ ድርግም ይል ጀመር። እግሬ ነዳጅ ላይ ስለነበር ሞተሩ አልጠፋም፤ አምፖሉ ግን ሁሉንም ተናገረ።

ገመዱን ተከትለን ስንሄድ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ጥገና ጊዜ አንድ ሰው የተንጠለጠለ ገመድ ላለማየት ብሎ ይመስለኛል፣ ከግድግዳው ቅንፍ ጋር በላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ የሚለጠጥበት ትርፍ ርዝመት አልነበረውም። ልባሱ ከውጭ ሲታይ ሙሉ ነው፤ በጣቴ ሳጥፈው ግን አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ልል ሆነብኝ። ልባሱን ስሰነጥቀው የመዳቡ ጭረቶች ተበጥሰው ጫፍ ለጫፍ ብቻ ይነካኩ ነበር። ሲሳብ ይለያያሉ፣ ሲለቀቅ ይገናኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ሳይጠፋ የሚተርፍበት ምክንያትም ከዚህ ይታወቃል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ወደ መሐል ይመለስና ገመዱ ይገናኛል፤ ነገር ግን ባዶ የሆነው የሚኒሞ መንገድ በነዳጅ እስኪሞላ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። መንደርደሩ አጭር ከነበረ ይደርሳል፤ ረጅም ከነበረ ግን ሞተሩ ቀድሞ ይሞታል።

ገመዱን በአዲስ ቀየርኩት፤ ርዝመቱን አስረዘምኩ፤ ማሰሪያውንም ቅንፉ ላይ ሳይሆን ከሞተሩ ጋር አብሮ በሚንቀሳቀስ ቱቦ ላይ ላላ አድርጌ አሰርኩት። ሁለቱንም ሱፖርቶች ለወጥኩ፤ አንዱ ብቻ ነው የተበላሸው ተብሎ አንዱን ብቻ መለወጥ ደኅነኛውን ቶሎ ያደክመዋል ብዬ አምናለሁ። ሚኒሞው 750 ላይ ተስተካከለ።

ሃይሉክሳቸው ባለ ካርቡሬተር ላልሆነ ሰዎች ጥቂት ልጨምር። 22አር-ኢ በሚባለው ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ላይ ይህ ሶሌኖይድ የለም፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። የሚገባው አየር የሚለካው በአየር ግፊት በምትገፋ ክዳን ሲሆን፣ ክዳኗ ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ የቤንዚን ፓምፑ እንዲቆም የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አብሯት ይሠራል። ከክዳኗ በኋላ ያለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲዘነብል ስንጥቁ ይከፈትና አየሩ በዚያ በኩል ይገባል፤ ክዳኗም ትዘጋለች። ስለዚህ ቱቦውን በእጅ ዘርጋ አድርጎ ከእጥፋቶቹ መካከል መመልከት ያስፈልጋል። ናፍጣዎቹም ላይ ቢሆን በፓምፑ ላይ የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ ስላለ፣ የእሱ ገመድ ቢላላ ውጤቱ ሞተር መጥፋት ነው፤ ልዩነቱ ናፍጣው ዳገት ላይም ሊጠፋ መቻሉ ነው።

ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ እንደገና ወደ ጎጃም አቀናሁ። አምፖሎቹን አላነሣኋቸውም ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ እግሬን አንስቼ በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ ሁለቱም ሳይርገበገቡ በሩ፤ ማርሚታውም እንደ ድሮው እየተንተፈተፈ አብሮኝ ወረደ። ድልድዩን ተሻግሬ ስቆም ሚኒሞው አዲስ አበባ ላይ ከተውኩት ጥቂት ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ይህ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የወፈረው የሸለቆው አየር ሥራ ነው። አልነካሁትም፤ ደጀን ስወጣ ራሱ ተመለሰ።